አንድ ሰው ሦስት ሆኖ ስለታየበት የመጋዘን ካሜራ

ጥር ፲፱፻፸፱ ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ ወልደአረጋይ
የአቡጀዲ መጋዘን ኃላፊ
ደብረ ብርሃን

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ባለቤትዎና ልጆችዎ እንደምን ሰንብታችኋል እላለሁ። የሰፈርዎ የጠባሴ ብርድ ጉልበትዎን እንዳይዘው፣ ዓይንዎንም አላህ እንዲጠብቅልዎ ዘወትር ዱዓ አደርጋለሁ። ዓይንዎን ማለቴ የራስዎን ነው፤ ምሰሶ ላይ ያሰቀሉት ዓይን ጠባቂው ብዙ ስለሆነ የእኔ ዱዓ አያስፈልገውም።

አሲያ ፈረጅ እባላለሁ፤ የአልዩ አምባ ሴት ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነውና ይህን በገዛ እጄ ስጽፍ ያስተማረኝን መንግሥት እያመሰገንኩ ነው። ማንበብ ባልችል ኖሮ፣ እስር ቤቱ በር ላይ «መጠየቅ ክልክል ነው» የሚለውን ማን ያነብልኝ ነበር?

ባለቤቴ አብዱልሀሚድ የበርበሬ ነጋዴ ነው። ከቆላ በበቅሎ ጭኖ፣ የአንኮበርን ዳገት ወጥቶ ለደብረ ብርሃን የቅዳሜ ገበያ ያደርሳል። በኅዳር አንዱን ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ከመጋዘንዎ አጥር ሥር ደረሰ። አጥሩ ነፋሱን ስለሚከልልለት በቅሎዎቹን እዚያው አቁሞ የንጋቱን ሰላት፣ ሱብሂን ሰገደ፤ ከዚያም እንደ ልማዱ በቅሎዎቹን ወዳጁ ወልደተንሣኤ ግቢ አስገብቶ ገበያ ወጣ። ገበያው ሳይሞቅ ከጆንያው አጠገብ አንሥተው ወሰዱት። ወንጀሉ የሕዝብ አቡጀዲ መስረቅና የኢኮኖሚ አሻጥር ተባለ።

ጊዜዎ ውድ መሆኑን ስለማውቅ አቤቱታዬን በተራ በተራ አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ ስለ ካሜራው። በተመረቀ ቀን ለገበያ መጥቼ ስለነበር ከሴቶቹ መካከል ቆሜ ንግግርዎን ሰምቻለሁ። ከወዳጅ አገር የመጣ መሆኑን፣ ሆዱ ውስጥ ብርሃን የሚቀበል ጠርሙስ መሳይ ነገር እንዳለው፣ ድንግዝግዝ ሲል ያገኛትን ጥቂት ብርሃን እንደ ስስታም ይዞ እንደሚያቆያት፣ በዚህም የሰው ዓይን በማያይበት እንደሚያይ አስረድተውን አጨብጭበናል። ካሜራውን የተከለው መሐንዲስ ቀጥሎ፣ ብርሃን ሲያንሰው ያየውን ቶሎ እንደማይለቅ፣ ሰው ከቦታው ከተነሣም በኋላ ምስሉን ለጥቂት ጊዜ እዚያው እንደሚያስቀር ተናግሮ ነበር። እርስዎ ያን ጊዜ የምረቃውን ሪባን ሊቆርጡ ተነሥተው ስለነበር ሳይሰሙት ቀርተው ይሆናል። እኛ ሥራ ፈቶቹ ሰምተናል።

፪ኛ፦ ስለ ሦስቱ ሰዎች። ባለቤቴን እንድለይ ቢሮዎ አስጠርተው የተቀዳውን ምስል ስላሳዩኝ አመሰግናለሁ፤ ቴሌቪዥን የሚባለውን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት በእርስዎ ቸርነት ነው። መስታወቱ ላይ እንደ ጉም የነጡ ሦስት ሰዎች ነበሩ። አንዱ ቆሟል፣ አንዱ አጎንብሷል፣ አንዱ መሬት ላይ ተደፍቷል። እርስዎም የቆመው አካባቢውን የሚቃኝ፣ ያጎነበሰው ዕቃ የሚቀበል፣ የተደፋው አጥሩን ከሥር የሚቆፍር መሆኑን በትዕግሥት አስረዱኝ። እኔ ግን ለየኋቸው፤ ሦስቱም አብዱልሀሚድ ነበሩ። ለሩኩዕ ሲያጎነብስ የቆመው ምስሉ ገና አልጠፋም፤ ለሱጁድ ሲደፋ ያጎነበሰውም ገና አልጠፋም።

«ጓድ፣ ይህ ሰላት ነው፤ የሚሰግደውም አንድ ሰው ነው» አልኩዎ።

«ታዲያ ሁለቱ የት ገቡ?» አሉኝ።

ባለቤቴንም ያንኑ እየጠየቁት ነው። በምን እንደሚጠይቁት የማውቀው ለእጥበት የሚላክልኝን ልብሱን ውኃ ውስጥ ስነክረው ነው።

፫ኛ፦ ስለ ወልደተንሣኤ። ይህ ሰው የቄስ ልጅ፣ ሥራውም አናጢነት ነው። የእሱና የባለቤቴ ወዳጅነት ከአባቶቻቸው የወረሱት ነው፤ ለባለቤቴ ሲል ቤቱ ውስጥ ለእስላም የተለየ ድስት አስቀምጧል። ማንም ሳይጠራው በእግሩ መጥቶ አብዱልሀሚድ ብቻውን እንደነበረ፣ በቅሎዎቹንም በሩን ከፍቶ የተቀበለው እሱ እንደሆነ ሲመሰክርልዎ «ተቀባዩ ተገኘ» ብለው አስቀሩት። አሁን ሚስቱ ለተጊዮርጊስና እኔ ስንቅ የምናመላልሰው አብረን ነው። ባሎቻችንን እንዲያሳየን እሷ በማርያም፣ እኔ በነቢዩ ዘበኛውን እንለምናለን፤ እሱም የሃይማኖት እኩልነት በታወጀበት አገር እንደሚገባው ሁለታችንንም እኩል ይመልሰናል።

፬ኛ፦ ሁለቱ ታስረው ሳሉ ከመጋዘንዎ እንደገና አቡጀዲ ጠፋ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ስሰማ ደስ አለኝ። የታሰረ ሰው እንደማይሰርቅ አሁን ይገባቸዋል ብዬ ለለተጊዮርጊስ ነገርኳት፤ ተቃቅፈን አለቀስን። እርስዎ ግን ስብሰባ ጠርተው ሦስተኛው ሰው አሁን ብቻውን እየሠራ መሆኑን ገለጹልን። እንዲህ ያለውን ማስተዋል ለሰጠዎ ፈጣሪ ምስጋና ይግባው።

ጓድ ወልደአረጋይ፣ ከእንግዲህ ተራ ቁጥር አልጽፍም። ባለቤቴ እየሞተብኝ ነው። ከዚያው ተፈትቶ የወጣ ሰው እንደነገረኝ መቆም አቅቶት ተቀምጦ ነው የሚሰግደው። ሦስተኛው ከተገኘ ምርመራው ይዘጋና ፍርድ ቤት ይቀርባሉ፣ ካልተገኘ ግን ይቀጥላል ማለትዎን ሰምቻለሁ። ፍርዱ ምንም ይሁን፣ ምርመራው ከቀጠለ አብዱልሀሚድ ለፍርዱም አይደርስም።

ስለዚህ ሦስተኛውን አግኝቼልዎታለሁ። እኔ ነኝ። ከቆመው፣ ካጎነበሰውና ከተደፋው የትኛው እንደጎደለዎ አላውቅም፤ የጎደለዎን ይጻፉኝ፣ እፈርማለሁ። በሚመጣው ቅዳሜ ጠዋት ነጠላዬን ለብሼ ቢሮዎ እቀርባለሁ። ልጆቼን ለለተጊዮርጊስ አስረክቤያለሁ። እንድቀር ስትለምነኝ አመሸች፤ እንደማልመለስ ስታውቅ ትንሿን ከጀርባዬ አውርዳ አዘለቻትና «ከልጆቼ አይለዩም፤ ሂጂ» አለችኝ።

እስከዚያው መጋዘንዎ ሞልቶ፣ ወንበርዎ ጸንቶ፣ እንቅልፍዎ ሰላም ሆኖ እንዲቆይዎ እየተመኘሁ፣ ላደረጉልን ሁሉ ዋጋዎን አንዱም ሳይጎድል ከአላህ እንዲያገኙት ሌት ተቀን የምለምን፣

አክባሪዎ
አሲያ ፈረጅ
የአብዱልሀሚድ ሚስት

ግልባጭ፦ ማንበብ ለተማረ ሁሉ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ መጋዘንዎ በር ላይ የለጠፍኩት በጠራራ ፀሐይ ነው፤ ካሜራው አንዲት ሴት ብቻ አድርጎ እንዲያየኝ ብዬ። እርስዎ ሊገነጥሉት የሚመጡት አመሻሽ ላይ ከሆነ፣ እባክዎ ቀጥ ብለው ይቁሙ። ጎንበስ ካሉ ሁለት ይሆናሉ፤ ሁለተኛውን አምጣ የሚልዎ ደግሞ አይጠፋም።