ለምራቂ ቦታ ይተዉ የነበሩት ዶኛ ኤልሲራ

ዶኛ ኤልሲራ ሞንዳካ ኦያርሱን ከአባታቸው ከዶን ትራንሲቶ ሞንዳካ እና ከእናታቸው ከዶኛ ሮሳልባ ኦያርሱን፣ በቫልፓራይሶ ከተማ፣ በሴሮ ሎስ ቦልዶስ ኮረብታ ላይ መጋቢት 9 ቀን 1942 እ.ኤ.አ. ተወለዱ። አባታቸው በወደቡ የክሬን ነጂ ነበሩ። እናታቸው በካርዶናል ገበያ ድንችና ሽንኩርት ይቸረችሩ ነበር። ዶኛ ሮሳልባ በምላሳቸው ጨካኝ፣ በምራቂ ግን ለጋስ ነበሩና ደንበኛ ርቋቸው አያውቅም። ዶኛ ኤልሲራም የመጀመሪያ ሥራቸው ይኸው ምራቂ ነበር። ከትምህርት ቤት መልስ እናታቸው አጠገብ ቆመው፣ ተመዝኖ ካለቀ በኋላ አንዲት ድንች መርጠው ደንበኛው ዘንቢል ላይ ጣል ያደርጋሉ።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በከተማው አጠናቀው በ1960 የኤሌክትሪክ ምህንድስና ለማጥናት ዩኒቨርሲቲ ገቡ። በክፍሉ ውስጥ ሴት እሳቸው ብቻ ነበሩ። አንዱ ተማሪ በመጀመሪያው ቀን፣ «ይቺ ልጅ ሽቦና ክር ተምታቶባት ነው የመጣችው» ቢል፣ «ክሩንም እችልበታለሁ፤ አፍህን ልስፋልህ?» ብለው መለሱለት። ልጁ ከዚያ በኋላ ጎናቸው እየተቀመጠ የቤት ሥራ ይገለብጥ እንደነበር በዕድሜያቸው ማምሻ እየሳቁ ለእኛ ለወንድማቸው ልጆች ያጫውቱን ነበር።

በ1967 ወደ ሰሜን፣ ወደ መዳብ ማዕድኑ ሄደው ተቀጠሩ። እዚያ ሠራተኛና ዕቃ ይዞ ወደ ጉድጓድ የሚወርደው ከባድ ማንሻ በራሱ ክብደት ሞተሩን ስለሚያሽከረክረው ሞተሩ ኃይል ያመነጭ ነበር። ያ ኃይል የብረት ጥቅል አግሎ በከንቱ ይቀራል። ይህ ነገር የቸርቻሪዋን ልጅ እንቅልፍ ነሳት። ዶኛ ኤልሲራ ታይሪስተር የሚባሉትን መቆጣጠሪያዎች ደርድረው፣ የሚወርደው ማንሻ ያመነጨውን ኃይል ለሚወጣው የሚመልስ ቁም ሣጥን የሚያህል መሣሪያ ሠሩ። በመዝገብ የሰፈረው ስሙ አንድ መስመር ተኩል ይፈጃል። እሳቸው ግን «ምራቂ» አሉት፤ ማዕድን ቆፋሪውም አለቃውም በዚሁ ስም ጠሩት።

በ1975 ወደ ትውልድ ከተማቸው ተመልሰው ከላይ ከተዘረጋ ሽቦ ኃይል እየወሰዱ በሚሄዱ የሽቦ አውቶብሶች ላይ መሥራት ጀመሩ። አንዱ አውቶብስ ፍሬን ሲይዝ ኃይሉ በሽቦው በኩል ለሌላው እንዲደርስ ለማድረግ፣ መለኪያቸውን ታቅፈው ከሹፌሩ ጀርባ ሲጓዙ ይውሉ ነበር። ሹፌሩ ዶን ኖልቤርቶ ቪሴንሲዮ ነበሩ።

«ሴኞሪታ፣ ተሳፋሪው ሁሉ ግንባሩን ሊፈነከት ነው እኮ! ምነው ፍሬን እንዲህ ወደዱ?»

«አሁንም አንድ ጊዜ ይያዙልኝ።»

ዶን ኖልቤርቶም ያዙ። በ1978 ተጋቡ። በሁለተኛው ዓመት ልጃቸው ሂሜና ተወለደች።

በ1987 ዶኛ ሮሳልባ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። በዚያው ሰሞን ሰውን ከኮረብታው የሚያወጣ የሚያወርደው የሰፈሩ አሳንሰር አርጅቶ ቆመ። ሴትዮዋ ከኮረብታው መውረድ ቀረባቸው። ከመስኮታቸው የገበያው ጣሪያ ይታያል፤ የገበያው ጫጫታ ግን አይደርስም። ኮረብታውን ወጥቶ የመጣውን ሁሉ፣ «ድንቹ ዛሬ እንዴት ነው? ቡቃያ አውጥቷል?» እያሉ ይጠይቁ ነበር። ይህን መስማት ዶኛ ኤልሲራን አንጀታቸውን በላው።

ስለዚህ በባትሪ የሚሄድ ባለ አራት ጎማ ወንበር ለእናታቸው ሠሩ። ሲወጣ ከባትሪው ይወስዳል። ሲወርድ ሞተሩ ራሱ ፍሬን ሆኖ ይይዘዋል፤ ያመነጨውንም ኃይል ለባትሪው ይመልሳል። የመጀመሪያው ጉዞ ዋዜማ፣ «እማዬ መንገድ ላይ እንዳትቀርብኝ» ብለው ባትሪውን ጢም አድርገው ሞሉት። ሜዳ ላይ የሚኖር ሰው ቢሆን ደግ አደረገ ይባላል። እኛ ግን ቤታችን ኮረብታው ጫፍ ላይ ነው፤ ጉዟችን የሚጀምረው በቁልቁለት ነው። በማግሥቱ ወንበሩ መውረድ ሲጀምር የሚመለሰው ኃይል መግቢያ አጣ። መቆጣጠሪያው እንዳይቃጠል ራሱን አጠፋ፤ ሞተሩ መያዙን ተወ። የእጅ ፍሬን ነበረው፤ የአሮጊቷ እጅ ግን አቅም አልነበረውም። ወንበሩ ተንደርድሮ ከጎረቤት ግድግዳ ጋር ተላተመ፤ የዶኛ ሮሳልባ የእጅ አንጓም ተሰበረ።

ዶኛ ኤልሲራ ስህተታቸውን ያወቁት በዚያው ዕለት ነው። በማዕድኑም በአውቶብሱም ኃይሉን የሚቀበል ሌላ ሞተር ሽቦው ላይ አይጠፋም ነበር፤ ባትሪ ግን ይጠግባል። ማወቁ አልበጀም፤ በራሳቸው እጅ ላይ ያላቸው እምነት ተሟጠጠ። ወንበሩን በሸራ ሸፍነው ጓሮ ጣሉት፤ ለወራትም አልነኩት።

አንድ እሑድ እናታቸው በመስኮት እያዩ ተናገሩ። «አንቺ ልጅ፣ ያ ነገር ሬሳ ነው እንዴ የሸፈንሽው?»

«እማዬ፣ ልገድልሽ ነበር እኮ።»

«አልሞትኩም። ጥፋቱ ምን እንደሆነ አገኘሽው?»

«አገኘሁት። ባትሪውን ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላሁት። ስትወርጂ የሚመለሰው ኃይል ቦታ አጣ።»

ዶኛ ሮሳልባ ተሰብሮ የነበረውን አንጓቸውን ይዘው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። «የሽንኩርት ቸርቻሪ ልጅ! ዘንቢሉን ጢም አድርጎ ምራቂ የሚጠብቅ የት አየሽ? በይ ተነሺ፣ ቦታ ተዪለት። እኔ እንደሁ እቀመጥበታለሁ።»

ዶኛ ኤልሲራ በዚያ ቀን አለቀሱ። ከዚያ ሸራውን ገፈፉት። ወንበሩ ኮረብታው ጫፍ ላይ ሲሆን ባትሪው ሙሉ በሙሉ እንዳይሞላ የሚከለክል መቆጣጠሪያ ሠሩ፤ ምናልባት ቢተርፍ ትርፉን የሚበላ የማሞቂያ ጥቅልም ከመቀመጫው ሥር ገጠሙ። ዶኛ ሮሳልባ በሰኔ ብርድ ወገባቸው እየሞቀ ገበያ ወረዱ። በድሮ ቦታቸው ተቀምጠው የሰውን ድንች ሲተቹ ዋሉ። እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ አልቀሩም።

ፈጠራው በ1991 የባለቤትነት ማረጋገጫ አገኘ። በትንሿ ዎርክሾፓቸው የተሠሩ ወንበሮች ዛሬም በየኮረብታው ሽማግሌዎቻችንን ያወርዳሉ፣ ያወጣሉ። በእያንዳንዱ ባትሪ መሙያ ላይ «ቦታ ተዉ» የሚል በእጃቸው የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል። እሳቸውም እንዲሁ ኖሩ። ከገበታቸው አንድ ወንበር ባዶ አይጠፋም፤ ማን እንደሚመጣ አይታወቅማ።

ዶኛ ኤልሲራ ባደረባቸው የልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ነበር። ሐኪሙ ፋሲካን መድረሳቸውን ተጠራጥሮ ነበር። ፋሲካም አለፈ፣ ክረምቱም አለፈ፤ ሲጠየቁ «ይቺ ምራቂ ናት፣ አትቁጠሩብኝ» ይሉ ነበር። ልጆች በነፋስ የሚንሳፈፍ የወረቀት ካይት በሚያበሩበት ወር፣ መስከረም 14 ቀን 2024 እ.ኤ.አ.፣ በተወለዱ በ82 ዓመታቸው በቤታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው ዶን ኖልቤርቶን፣ ልጃቸውን ሂሜናን፣ ሁለት የልጅ ልጆችንና ይህን የጻፍነውን እኛን የወንድማቸውን ልጆች ትተው ሄደዋል።

ዛሬ አስከሬናቸው ከኮረብታው የሚወርደው በዚያው በእናታቸው ወንበር ላይ በተሠራ አልጋ ነው። ዶን ኖልቤርቶ ትናንት ባትሪውን ሲሞሉ ሂሜና «አባዬ፣ ይበቃል?» አለቻቸው። «ይበቃል፤ ቦታ ትቼላታለሁ» አሉና መሰኪያውን ነቀሉ።

የድካማቸውን ዋጋ የማያጓድል አምላክ ነፍሳቸውን በጻድቃን መካከል ያሳርፍ፤ ለሰው ሁሉ የመረቁትንም ለእሳቸው ይመርቅላቸው።