ክቡር ሰብሳቢ ማሙሽ

ታኅሣሥ 3

የቀበሌያችን የበጀት ስብሰባ። ወንበሩ ሲንቋቋ፣ ድምፅ ማጉያው ሲያፏጭ ዋለ። አዳራሹ ይታደስ የሚለው ሐሳቤ ጥሩ እየሄደ ነበር... ታላቅ እህቴ እትዬ እጇን እስክታወጣ ድረስ። አትክልት ከምትሸጥበት ገበያ በቀጥታ ነው የመጣችው፤ ሽርጧን እንኳ አልፈታችም። "ማሙሽ፣ የገበያው ሽንት ቤት የሚከፈተው መቼ ነው?" ማሙሽ! በሕዝብ ፊት! ጸጉሬ ሸብቷል እኮ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ለአንድ ተናጋሪ የሚፈቀደው ሦስት ደቂቃ ሲያልቅ ደወሉን ደወልኩባት። "ደወሉን የገዛሁልህ እኔው ነኝ" ብላ ተቀመጠች። እውነቷን ነው። ሰብሳቢ ሆኜ የተመረጥኩ ቀን ያመጣችልኝ ስጦታ ነው።

ታኅሣሥ 4

ቤቷ ሄጄ ነገርኳት። "እትዬ፣ እቤት የፈለግሽውን በይኝ። እዚያ ግን ክቡር ሰብሳቢ ነው የሚባለው።" ካሮት እያጠበች ሰማችኝ። ከዚያ ማንኪያዋን አነሳች፦ "ክቡር ሰብሳቢ፣ ሾርባ ይጨመርልዎ?"

አንቱ አለችኝ! አዝላ ያሳደገችኝ እህቴ! ሳቅኩ። እሷ ግን አልሳቀችም።

ታኅሣሥ 11

አሁንም አንቱ ነኝ። በገበያ ሳልፍ "እንደምን ዋሉ?" አለችኝ። አጠገቧ ያለችው ሽንኩርት ሻጭ አፏን ይዛ ቀረች። ለባለቤቴ ብነግራት "የእጅህን ነው ያገኘኸው" አለችኝ። አይ አጽናኝ!

ታኅሣሥ 17

እትዬ ታመመች። ኩላሊት ነው አሉ። ሐኪሙ "ውሃ አይጠጡም እንዴ?" ሲላት "ቀን ቀን አልጠጣም" አለች።

"ለምን?" አልኳት፤ ቆጣ ብዬ።

"ጠጥቼ የት ልሂድ?" ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ገበያ የሚሸጡት ሴቶች አንዳቸውም አይጠጡም ለካ። ጠዋት ከቤት ሲወጡ አንድ ጉንጭ፣ ከዚያ እስከ ማታ ምንም። ሽንት ቤቱ ከተዘጋ ጀምሮ እንዲህ ናቸው። እኔ ስብሰባ ላይ ፊቴ ውሃ በጠርሙስ ይደረደርልኛል... እንዴት ሳላውቅ ቀረሁ? ልትነግረኝ መጥታ ነበር እኮ። ደወልኩባት።

ታኅሣሥ 18

ምን ይሻላል? የአዳራሹን ገንዘብ ወደ ሽንት ቤቱ ባዞር ሰብሳቢው ለእህቱ አዳላ ይሉኛል። የአዳራሹን ሐሳብ ያመጣሁት ደግሞ እኔው ነኝ። የተፋሁትን መልሼ ልላስ?

ልላስ እንጂ!

ታኅሣሥ 24

ደወሉን ለምክትሌ፣ ለመድኃኒት ቤቱ ባለቤት አስረክቤ ከመድረኩ ወረድኩና እንደማንኛውም ነዋሪ ተራዬን ጠበቅኩ። ይሄን ያህል ያስፈራል እንዴ እዚያ ታች መቆም?

አዳራሹ ይቆይ፣ ሽንት ቤቱ ይቅደም አልኩ። ወንበር ስለተንቋቋ የታመመ የለም። እነዚያ ሴቶች ግን ቀኑን ሙሉ ጉሮሯቸው ደርቆ... አንዱ ከኋላ "ለእህትህ ብለህ ነው!" አለ። "አዎ፣ ለእህቴ ነው! የአንተስ እህት ብትሆን..." ቃጭል! ሦስት ደቂቃ አለቀ። ምክትሌ አንጀት የለውም። አፌን እንደከፈትኩ ቀረሁ።

ሽንኩርት ሻጯ ብድግ አለች። "እሱ የጀመረውን እኔ ልጨርስለት።" ጨረሰችውም፤ እኔ አስር ዓመት ባወራ እንደሷ አልናገርም። ከዚያ ቲማቲም ሻጯ ቀጠለች። እጅ ተቆጠረ። የሽንት ቤቱ ሐሳብ አለፈ!

እየሮጥኩ ለእትዬ ልነግራት ሄድኩ። አልጋዋ ላይ ቀና አለች። "ደግ አደረጉ" አለችኝ።

አሁንም አንቱ...

የካቲት 9

ሽንት ቤቱ ተከፈተ። ሪባን ቁረጥ ቢሉኝ እምቢ አልኩ፤ ምን ብዬ?

በገበያ አለፍኩ። እትዬ ቦታዋ ላይ ናት፤ ፊቷ መለስ ብሏል። መሐላቸው ትልቅ ጆግ አስቀምጠው፣ እሷና ጓደኞቿ በጠራራ ፀሐይ ውሃ ይጠጣሉ፤ ይሳሳቃሉ። ስታየኝ ብርጭቆውን ሞላችና ከፍ አድርጋ ጮኸች።

"ማሙሽ! ና ጠጣ፤ ከንፈርህ ደርቋል!"

እንባዬ መጣ። ጠጣሁ፤ ደገምኩ። ገበያው ሁሉ ሰምቷል። ይስማ።