የታጠፈው መስገጃ

እህት ዓለም፣ የአላህ ሰላም በአንቺና በቤትሽ ላይ ይሁን። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ልጄን ከቀበርኩ ወዲህ ቤቱ ጭር ቢልም ትንሿ እህቱ ታስቀኛለች። ቁርኣን ቤት ከገባች ወዲህማ ጫማ በግራ እግሬ ከጀመርኩ "እማ፣ ተሳስተሻል!" ብላ ታስወልቀኛለች።

ትናንት ልወስዳት ስሄድ ኡስታዟ በር ላይ አስቆመኝ። "የንጋቱን ሶላት፣ ሱብሒን፣ ከእናቱ ጋር የሚሰግድ ማነው ብዬ ስጠይቅ ቀድማ እጇን ያወጣችው የአንቺዋ ናት። አላህ ይጨምርልሽ!" አለኝ። "አሚን" አልኩና መሬት መሬት አየሁ።

መንገድ ላይ እጄን ጎተት አድርጋ፣ "እማ፣ ልጆቹ እንዳይስቁብሽ ብዬ እኮ ነው። ውሸት ነው እንዴ?" አለችኝ። እኔ እናት ተብዬዋ፣ "ቀስ በይ፣ መኪና አለ" አልኳት። መንገዱ ላይ አንድም መኪና አልነበረም።

ዛሬ ወንበር ላይ ወጥታ፣ ልጄን ከቀበርኩ ማግስት አጥፌ ያስቀመጥኩትን መስገጃዬን ከቁም ሳጥኑ አናት አወረደችው። አቧራውን አራግፋ ከራሷ ትንሽ መስገጃ ጎን ዘረጋችው።

ለሟቹ ዱዓ ስታደርጊ እኔንም ጨምሪኝ፤ ለምን እንደሆነ ግን አትጠይቂኝ። ባለቤትሽንና ልጆችሽን ሰላም በይልኝ። ብዙ ልጽፍልሽ ነበር፤ ትንሿ ግን መስገጃዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ እየጠበቀችኝ ነው።

እህትሽ