የዋና ድሬሰር አቶ ኢታና ጉሉማን አሟሟት በተመለከተ በክሊኒኩ በር ላይ የተለጠፈውን ስለ ማረም

ከሸያ ማዶ ክሊኒክ ሠራተኞች መረዳጃ ማኅበር፣ ሮቤ
የካቲት 21 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለክሊኒኩ ሠራተኞች፣ ለማኅበራችን አባላት፣ ለሮቤና ለጎባ ሕዝብ፤

የክሊኒካችን ዋና ድሬሰር የነበሩት አቶ ኢታና ጉሉማ የካቲት 16 ቀን 1959 ዓ.ም. በተወለዱ በሃምሳ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተውናል። የማኅበራችን ሀዘን ከባድ ነው፤ ቁጭ ብለን በቅጡ እንኳ አላለቀስንም። በማግስቱ በበሩ ላይ በለጠፍነው ወረቀት አቶ ኢታና ከበቅሎ ወድቀው እንዳረፉ ገልጸን ነበር። ይህ እውነት አይደለም። አቶ ኢታና የሞቱት በጥይት ተመተው ነው። ውሸቱን የጻፍነው እኛው ነን፤ ለምን እንደጻፍነውም ከዚህ በታች እንገልጻለን።

አቶ ኢታና በ1941 ዓ.ም. በድሬሰርነት ሠልጥነው፣ በ1945 ዓ.ም. ወደ ክሊኒካችን ተዛወሩ። በዚያን ጊዜ ክሊኒኩ የነበረው ስድስት አልጋና አንድ የላምባ ምድጃ ነበር። መርፌው በዚያው ምድጃ ይቀቀላል፣ የሠራተኛው ሻይም በዚያው ይፈላል። አቶ ኢታና በመጡ በሳምንታቸው ሻዩን ከለከሉ። ለዚህ ሥራቸው እስከ ዛሬ ይቅር ያላልናቸው ባልደረቦች አለን።

በ1949 ዓ.ም. የከተማውን አናጢዎች በር ለበር እየዞሩ ለምነው፣ አልጋውን ወደ አሥራ አራት አሳደጉ።

ከ1956 ዓ.ም. ወዲህ በቆላው በመንግሥት ጦርና በሸፈቱት መካከል ተኩስ ሲበዛ፣ ከብድሬ በኩል ቁስለኛ በቃሬዛ ሦስት አራት ቀን እየተጓዘ ይደርስልን ጀመር። የጭን አጥንቱን ጥይት የሰበረው ሰው ሁለት ወር፣ አንዳንዴም ሦስት ወር አልጋ ይይዛል። ለአንድ እንዲህ ላለ ቁስል በሳምንት የሚያልቀው ጎዝና ፋሻ ለአሥር ሌላ በሽተኛ ይበቃል። ቤተሰቡም አስታማሚ ለማብላት በሬውን ይሸጣል፤ ሰውየው ድኖ ሲመለስ የሚያርስበት የለውም። በ1958 ዓ.ም. ክረምት አንዲት እናት አልጋ ጠፍቶ በረንዳ ላይ ወለደች። እግዜር ይመስገን፣ እሷም ልጇም ደኅና ናቸው፤ እኛ ግን ያንን ቀን ስናስበው አሁንም እናፍራለን።

በጥይት የቆሰለ ሰው ከፖሊስ ወረቀት ሳያመጣ እንዳይታከም ከበላይ የተላለፈ መመሪያ አለ። ወረቀቱ እስኪመጣ ደም አይጠብቅም። ስለዚህ አቶ ኢታና በር ላይ ወጥተው ቃሬዛ ተሸካሚዎቹን "ምን ወጋው?" ብለው ይጠይቁና፣ መልሱን ራሳቸው ይነግሯቸው ነበር፤ "በሬ ነው፣ አይደል?" አዎ፣ በሬ ነው ይላሉ። መዝገባችንም በሬ ወጋው፣ ከገደል ወደቀ፣ መጥረቢያ ስቶ ቆረጠው በሚል ተሞላ። በዚህ ብልሃት የዳነው ሰው ብዙ ነው። ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ሁላችንም ጽፈናል።

በጥቅምት 1959 ዓ.ም. ፋሻ፣ ፔኒሲሊንና አንድ ተጨማሪ ድሬሰር እንዲሰጠን፣ ከባድ ቁስለኛ ወደ ጎባ የሚያደርስ መኪናም እንዲመደብልን የጠቅላይ ግዛቱን ጤና ቢሮ ጠየቅን። የተሰጠን መልስ፣ በዓመቱ መዝገባችሁ በጥይት የቆሰለ ሰባት ሰው ብቻ ስለሆነ ጥያቄው ተቀባይነት የለውም የሚል ነው። ደብዳቤውን የሰጠን ጸሐፊ ሳቅ እያለ፣ "የእናንተ አገር በሬ እንዲህ ሰው ከፈጀ ለእርሻ ሚኒስቴር አመልክቱ" አለን። እኛም አብረን ሳቅን። አቶ ኢታና አልሳቁም።

ከዚያ በኋላ ሰውየው ዕረፍት አጡ። በጥይት ቆስለው የታከሙትን ሰዎች በጠባሳቸው እያስታወሱ ለብቻቸው ቆጠሩ፤ ቁጥሩ አንድ መቶ ሠላሳ አራት ደረሰ። በታኅሣሥ ስብሰባችን፣ ስም ሳይጻፍ የጥይት ቁስለኛ ቁጥር ብቻ በተለየ ወረቀት ይያዝ ሲሉ አሳሰቡ። ማኅበሩ በድምፅ ብልጫ ውድቅ አደረገው። ምክንያቱን ቃለ ጉባኤው ላይ "ለጊዜው አያስፈልግም" ብለን ጽፈናል። እውነቱ ግን ፈርተን ነው።

የካቲት 14 ቀን በሶፍ ዑመር መንገድ ላይ የወደቀ ቁስለኛ አለ ተብሎ ሲነገራቸው፣ መኪና ስላልነበረ በክሊኒኩ በቅሎ ሄዱ። በመንገድ ላይ ሆዳቸውን ተመቱ። ማን እንደተኮሰ አናውቅም። በማግስቱ በቃሬዛ ደረሱልን፤ ጎባ ሄደው ቀዶ ጥገና ያስፈልጋቸው ነበር፤ መኪና ፈልገን አላገኘንም። ንጹሕ ፋሻ አልቆ ስለነበር የክሊኒካችን አስታማሚ ወይዘሮ ማናልበሽ ነጠላዋን ቀድዳ አሰረችላቸው። በማግስቱ አረፉ። የመዝገብ ጸሐፊያችን አቶ ዘይነዲን፣ ከቀብሩ በፊት ፖሊስ ልቅሶ ቤት እንዳይገባ ብሎ፣ "ከበቅሎ ወድቆ" ብሎ መዝገቡ ላይ ጻፈ፤ በበሩ ላይም ይህንኑ ለጠፍን። ክፋት የለበትም፤ የሁላችን ልማድ ነው።

በሦስተኛው ቀን ባለቤታቸው ወይዘሮ ቀለሟ ባዳሳ መጥተው ወረቀቱን ከበሩ ላይ ገነጠሉት። እንዲህም አሉን፦ "ኢታና በቅሎ ላይ ያደገ ሰው ነው። እሱንም ከበሬዎቻችሁ ጋር ልትጽፉት ነው? ነገ ፋሻ ስጡን ብላችሁ ስትሄዱ በምን አፋችሁ ልትናገሩ ነው?"

ስለዚህ መዝገቡ ታርሟል። ከየካቲት 19 ቀን ጀምሮ፣ አቶ ኢታና እንዳሳሰቡት፣ የጥይት ቁስለኛ ያለ ስም በተለየ ወረቀት ይቆጠራል። የመጀመሪያው ቁጥር እሳቸው ናቸው። ይህ ሊያስጠይቀን እንደሚችል እናውቃለን፤ እንጠየቅ።

ለወይዘሮ ቀለሟ፣ ለአራቱ ልጆቻቸው፣ ለወንድም ለእኅቶቻቸው፣ እጃቸውን ይዘው ሥራ ላስተማሯቸው ባልደረቦች ሁሉ ፈጣሪ ብርታቱን ይስጥልን። የአቶ ኢታናን ነፍስ በደጋጎቹ አጠገብ ያኑርልን። ለእናንተ ለቤተሰቡ ደግሞ ይቅርታ እንጠይቃለን።

አንድ ነገር ለሕዝቡ ማሳወቅ አለብን። ትናንት ጠዋት አራት ሰዎች አንድ ጎልማሳ በቃሬዛ አመጡ። በሬ ነው የወጋው አሉ። ወይዘሮ ማናልበሽ ቁስሉን አይታ፣ "ጥይት ነው፤ ግድ የለም፣ ስም አልጽፍም" ብላ ብዕር አነሳች። ሰዎቹ ብዕሩን አይተው፣ "ኢታና የት አለ?" ሲሉ ጠየቁ። ሞቷል አልናቸው። እርስ በርሳቸው ተያዩና ቃሬዛውን አንሥተው ወጡ። እስከ ሸያ ወንዝ ድረስ ተከተልናቸው፤ አልደረስንባቸውም።

ሰውየው የተመታው ከግራ ጉልበቱ በላይ ነው። አጥንቱ አልተነካም። ወይዘሮ ማናልበሽ እንደምትለው ቁስሉ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ከታጠበ ይድናል፤ ካልታጠበ ግን እግሩን፣ ምናልባትም ነፍሱን ያጣል። በመንገድ ያያችኋቸው፣ ወይም ዘመዶቻችሁ የሆኑ ሰዎች ካላችሁ፣ እባካችሁ ንገሩልን። ማን እንደሆነ አንጠይቅም። አልጋው ተነጥፎለታል።