የቡሬ መርፌ

ሰኞ

ቡሬ ዛሬም ረገጠችኝ። ጉልበቴ አብጧል። የአዴ ዘይነባ ላም ናት፤ ነጥፋለች፤ ከወለደች ዓመት አልፏት ኮርማ አልፈለገችም። ከሮቤ ወጣ እያልን እንዲህ ያሉ ላሞችን ለጥናት እንወጋለን። መርፌው ከአንጎል የሚመነጨውን የመራቢያ ሆርሞን አስመስሎ በላብራቶሪ የተሠራ ነው። ወግተን ደም እንቀዳለን፤ ከአንጎል ሥር ያለችው ዕጢ መልስ ሰጥታ እንደሆነ ደሙ ይነግረናል። ግማሾቹ ግን ለማነጻጸሪያ የጨው ውሃ ብቻ ይወጋሉ። ቡሬ ከእነዚያ ናት። አዴ ይህን አያውቁም። «ጀማል ከግንባር ሲመለስ ወተት ይጠብቀዋል» ይላሉ። ያላቸው አንድ ልጅ፣ አንድ ላም።

ማክሰኞ

አላስችል አለኝና ነገርኳቸው። «አዴ፣ የእርስዎ ላም የምትወጋው መድኃኒት አይደለም፤ የጨው ውሃ ነው።» ይቆጣሉ ስል ፊታቸው በራ።

«ሆራ ነዋ! ከብት ሆራ ካልጠጣ መች ይወልዳል፣ ኢልመኮ፣ ልጄ? አንተ ደግሞ በመርፌ አመጣህላት!»

ከብት የሚወርድበትን ጨዋማ ምንጭ ማለታቸው ነው። ላስረዳ ብሞክር ምርቃት አዘነቡብኝ። ምርቃት እንዲህ ሲያስጨንቅ አይቼ አላውቅም።

ሐሙስ

አለቃዬን ለመንኩት። «ጥናት እንጂ ምጽዋት አይደለም» አለ። ኋላ ለስለስ አለ፦ ቅዳሜ የመጨረሻው ደም ከተቀዳ እውነተኛውን ልወጋት እችላለሁ! አንድ ብልቃጥ መድኃኒት ፍሪጅ ውስጥ ለብቻ አስቀመጥኩ። ብቻ መብራት አይጥፋ። እየዘፈንኩ ቤቴ ገባሁ፤ በዚህ ድምፅ።

ቅዳሜ

ብልቃጡን በበረዶ ይዤ ሄድኩ። ግቢው ሰው ሞልቶታል። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ትናንት የጀማልን መርዶ አምጥቷል። ቡሬን ለሰደቃ አርደዋታል።

«ወተት ለማን ላስቀምጥ?» አሉኝ አዴ።

አለቀስኩ። እሳቸው እኔን አጽናኑኝ።

አራጁ ሆድ ዕቃዋን ሲለይ ዓይኔ ከልማዱ አላረፈም። እንቁልጢዋ ላይ ቢጫ እብጠት አየሁ፤ ሰሞኑን እንቁላል የወጣበት ነው። ማንም መድኃኒት ሳይሰጣት ራሷ ጀምራ ነበር። ትንሽ ቢቆዩላት ትፀንስ ነበር።

እሑድ

ዛሬም ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «ሆራው ሠርቶላት ነበር?» አሉኝ። አዎ ብል ያልተወለደውን ጥጃም ማርዳት ነው። አይ ለማለትም አልጨከንኩም።

«ሠርቶላት ነበር» አልኩ።

«እንግዲያ ለጀማል ሰደቃ ያወጣሁት መካን ላም አይደለም። አልሐምዱሊላህ።»

የዋሸሁ ይሁን እውነት የተናገርኩ አላውቅም። ብልቃጡ ከትናንት ጀምሮ በካፖርቴ ኪስ ውስጥ ነው። የያዝኩበት በረዶ ቀልጧል።