ለወጌሻው የሰጠሁት እግር

ይድረስ ለማከብርዎ አባቴ፤

ጤናዎ እንደምን ነው? ወገብዎስ አሁንም መኪና ሥር ሲገቡ ያስቸግርዎታል? የእማዬ ዓይንስ እንዴት ሆነላት? እኔ ከእግሬና ከኅሊናዬ በቀር ደህና ነኝ።

በስልክ መናገር ሲገባኝ በደብዳቤ የምጽፈው ድምፅዎን እየሰማሁ መናገር ስለማልደፍር ነው። ፈሪ ይበሉኝ፤ ነኝ።

ለጨዋታው ሁለት ቀን ሲቀረው ልምምድ ላይ የቀኝ ጭኔን ከኋላ በኩል ቆንጠጥ አደረገኝ። ለወጌሻችን “ትንሽ ያዝ አድርጎኛል” አልኩት እንጂ የቱን እንደሆነ አልተናገርኩም። ሥራ ከጀመረ ሦስት ወር ያልሞላው ሰው ነው፤ ምክሩ ሁሉ አንድ ስለሆነ “ቀስ በል” እያልን እናሾፍበታለን። በጨዋታው ቀን ጠዋት በሆዴ አስተኝቶ “የቱ ነው?” አለኝ። “ግራው” አልኩት። አባባ፣ ደህናውን እግሬን ሰጠሁት! ተጫነው፣ አጠፈው፣ በሙሉ ኃይሉ ገፋው፤ “ይሄማ ብረት ነው” ብሎ ሳቀና መጫወት ይችላል ሲል ፈረመልኝ። አምስት ወር ተጠባባቂ ወንበር ሳሞቅ ከርሜ የተሰጠኝ ቋሚ ቦታ ነበር። እርስዎም ጋራዡን ዘግተው ሰፈሩን በሙሉ ቴሌቪዥን ፊት እንደሰበሰቡ እኅቴ ነግራኛለች። እንዴት ብዬ ልቅር?

በአሥራ ሁለተኛው ደቂቃ ኳስ ሳባርር ጡንቻዬ ቋ ብሎ ሲበጠስ ለራሴ ተሰማኝ። እርስዎ ያዩት ቃሬዛውንና የተመልካቹን ጭብጨባ ነው። ያላዩት ማክሰኞ ዕለት የክለባችን ሥራ አስኪያጅ ቢሮ የሆነውን ነው። ወጌሻው “ግራው ነው ብሎኝ ግራውን አየሁ” አለ። አሰልጣኙ “ግራና ቀኙን የማይለይ ሰው ነው እንዴ የቀጠርነው?” ብሎ ጮኸበት። ወጌሻው ዞሮ አየኝ። ከእኔ የሚፈልገው አንድ ቃል ብቻ ነበር። እኔ አቀርቅሬ የእግሬን ፋሻ አየሁ። በዚያው ቀን አሰናበቱት።

ሐሙስ ልናዘዝለት ቤቱ ሄድኩ። በክራንች ደረጃ መውጣቴን ሲያይ ተቆጣኝ፤ ወንበር ስቦ እግሬን አሳረፈልኝ፤ በረዶ በፎጣ ጠቅልሎ ያዘልኝ። ሚስቱ ሻይ አመጣችልኝ። ሻዩን ጠጥቼ፣ አመስግኜ፣ ሳልነግረው ወጣሁ። ምነው ያን ዕለት መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!

ትናንት ሲደውሉልኝ ደግሞ “ያ ወጌሻ እጁ ይድረቅ!” ብለው ረገሙት። ዝም ያልኩት እግሬን አሞኝ መስሎዎት አጽናኑኝ።

አባባ፣ እርግማንዎ እንደሚደርስ ከልጅነቴ አውቃለሁ። ሰውየው የሚበላው በእጁ ሠርቶ ነው። እባክዎ እርግማኑን ያንሱለት። ነገ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገብቼ እውነቱን እናገራለሁ፤ ውሌን ቢቀዱትም ይቅደዱት። አስቀድሜ ለእርስዎ የጻፍኩት በሩ ጋ ስደርስ እንዳላፈገፍግ ነው፤ ራሴን አውቀዋለሁ።

እማዬን ይሳሙልኝ፤ ስለ እግሬ ማልቀሱ ይብቃት። እኅቴን እውነቱን ስለደበቅኳት ይቅር በዪኝ ብሏል ይበሉልኝ። ታናሽ ወንድሜ የእኔን ማልያ ለብሶ ትምህርት ቤት መሄዱን ለጊዜው ይተወው። ጎረቤቶቻችን ጀግና እያሉ ካነሱኝም እውነቱን እርስዎ ይንገሯቸው፤ እኔ በሰፈሩ ለማለፍ ዓይን የለኝም።

የወጌሻውን ስም በትንሽ ወረቀት ጽፌ ፖስታው ውስጥ ጨምሬዋለሁ፤ ሲመርቁት በስሙ እንዲጠሩት ነው። እኔን ግን ነገር አስተካክዬ እስክደውል ድረስ አይመርቁኝ።

ልጅዎ

ከተጫዋቾች ማደሪያ፣ ሁለተኛ ፎቅ
ሰኞ፣ መጋቢት 18 ቀን