የመምህር ለይኩን ዘሩ ሕይወትና ሁለት እግር ያለው ፕሮቲን

ከዚህ በታች የሚነበበው ሁሉ አንዲት ፍሬ ያልተጨመረበት እውነት ለመሆኑ ታናሽ ወንድማቸው ምናለ ዘሩ ይምላል፤ ያላመነ ገንዳ ውሃ ከተማ ሰሊጥ መጋዘን ሄዶ ተሸካሚዎቹን ይጠይቅ።

መምህር ለይኩን ዘሩ ከአባታቸው ከአቶ ዘሩ ቢያድግልኝና ከእናታቸው ከወ/ሮ የዓለምወርቅ ሰጠኝ በ1961 ዓ.ም. ሳንጃ ተወለዱ። እዚያው ፊደል ቆጥረው፣ ጎንደር በመምህርነት ሠልጥነው በ1985 ዓ.ም. ገንዳ ውሃ የባዮሎጂ መምህር ሆኑ። ምናለ ግን ከሰባተኛ ክፍል ወጥቶ እዚያው ሰሊጥ መጋዘን ኩንታል ተሸካሚ ሆነ። መምህር በ1990 ዓ.ም. ከወ/ሮ አሰፋች ጋር ጋብቻ መሥርተው መስከረምንና ሃይሚን አፍርተዋል።

ከትምህርት ሁሉ አብልጠው የሚወዱት በሴል ውስጥ ዕቃ የሚያመላልሰውን፣ ኪኔሲን የሚባለውን ፕሮቲን ነበር። ጭራው ጭነቱን ይይዛል፤ ሁለት እግሮቹ በቀጭን ሐዲድ ላይ ይራመዳሉ። ኤቲፒ የተባለው ጉልበት ሰጪ ከፊተኛው እግር ጉድጓድ ሲገባ የእግሩ ቅርጽ ይለወጥና የኋለኛውን ወደ ፊት ይወረውረዋል። አንዱ ሐዲዱን ሳይጨብጥ ሌላው አይለቅም።

በ2009 ዓ.ም. ተማሪዎቹ ይህ አልገባ ሲላቸው መምህር ወደ መጋዘኑ ወሰዷቸውና ምናለን ኩንታል አሸክመው መኪና መጫኛው ጣውላ ላይ አቆሙት። በኤቲፒ ፋንታ በየእርምጃው አንድ ተምር ያጎርሱታል። ምናለ መሃል ላይ ቀጥ አለ።

«ጋሼ፣ ኤቲፒ አልቋል!»

«አንተ ሆዳም፣ አሁን አይደል የዋጥኸው!»

ምናለ ጉራውን ለመንዛት ሁለት እግሩን አንድ ላይ አንስቶ ዘለለ። ከነኩንታሉ ተዘረረ። ዘሀቢያ የምትባል ተማሪ «መምህር፣ ፕሮቲኑ ወደቀ!» ብላ ጮኸች። መምህር በሳቅ እንባቸው እየወረደ «አያችሁ? ሁለቱንም ከለቀቀ ይኸው ነው» አሉ።

በ2015 ዓ.ም. የነርቭ ሕመም እግራቸውን ያደነዝዘው ጀመር። ከወገብ እስከ እግር ጣት የሚደርሰው የነርቭ ሴል አንድ ሜትር ያህል ስለሆነ «ዕቃውስ እላይ ወገቤ ጋ ሞልቷል፤ ተሸካሚዎቼ ናቸው ጣቴ ድረስ አንደርስም ያሉ» ይሉ ነበር። ወ/ሮ አሰፋች «በቃዎት፣ ይረፉ» ቢሏቸው፣ ያችን ትምህርት አንድ ጊዜ ደግመው ሳያስተምሩ እንደማይተኙ ተናገሩ። ግንቦት 2017 ዓ.ም. በእግራቸው ክፍል ገብተው አርባ ደቂቃ ቆመው አስተማሩ።

ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ56 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ ወንድማቸውና ተማሪዎቻቸው ከኋላቸው ቀርተዋል። መድኃኔዓለም ነፍሳቸውን ድካም ከማያውቃት አገር ያድርስልን።

በእግራቸው ገቡ የተባለው ግን የምናለ ፈጠራ ነው፤ እሳቸው ራሳቸው «እንዲያ በልልኝ» ብለውት ነበር። እውነቱ፣ ከቤት እስከ ክፍል አዝሏቸው ሄደ። መቆም ስለማይችሉ ክፍል ውስጥም አላወረዳቸውም፤ ጠመኔ ይዘው አርባውን ደቂቃ ከጀርባው ላይ ሆነው አስተማሩ። ደወሉ ሲደወል ወደ ጆሮው ጎንበስ ብለው «ደከመህ?» አሉት።

«ኧረ ገና ነኝ፣ ጋሼ።»